ኃይሌና ቀነኒሳ ስድስት ለስድስት፤ ሦስተኛውስ?

እሑድ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የግሸን ማርያም ንግሥ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ በተሳላሚዎች ጢም ብሏል። እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ወጣት ስልክ የወጣ ዜና ተሳፋሪውን አነቃቃው። ቀነኒሳ በቀለ የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ አሸንፎ የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ አምልጦታል። ደስታውና ቁጭቱ ሳይበርድ የተለመደው ሙግት ተነሣ። ከኃይሌና ከቀነኒሳ ማን ይበልጣል? አንዱ ሜዳሊያ ይቆጥራል፣ ሌላው ክብረ ወሰን ይጠራል። በመጨረሻ ለንግሡ ወደ አገራቸው ወደ አምባሰል የሚሄዱ አንድ አዛውንት፣ ሁለቱም የእኛ ከሆኑ ሦስተኛው ማን እንደሆነ ጠየቁ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

ጥያቄው ዛሬም መልስ አላገኘም። ለመመለስ ግን መጀመሪያ የሁለቱን ሒሳብ መተሳሰብ ያስፈልጋል (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሁለቱም በነገሡበት በ10,000 ሜትር ሒሳቡ እኩል ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1993፣ 95፣ 97 እና 99 የዓለም ሻምፒዮን፣ በአትላንታና በሲድኒ ደግሞ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆኗል። ቀነኒሳ በ2003፣ 05፣ 07 እና 09 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን በአቴንስና በቤጂንግ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። ስድስት ለስድስት። ሙግቱ የማያልቀው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ከ10,000 ሜትር ሲወጣ ሚዛኑ ማጋደል ይጀምራል። ቀነኒሳ በ2008 ቤጂንግ ላይ የ5,000 እና የ10,000 ሜትርን ወርቅ ደርቦ ወሰደ፤ በዓመቱም በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና ይህንኑ ደገመው። ኃይሌ በታላላቅ ሻምፒዮናዎች ይህን አላደረገም። በአገር አቋራጭማ ተወዳዳሪ የለውም። ከ2002 እስከ 2006 አምስት ዓመት በተከታታይ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ፤ በ2008 ሲደገም በአዋቂዎች በግል ያገኛቸው የዓለም ወርቆች 11 ደረሱ። በ2004 ደግሞ በሄንግሎና በኦስትራቫ፣ በስምንት ቀን ልዩነት፣ የኃይሌን የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኖች ተረከበ። የመጀመሪያው 16፣ በ2005 በብራሰልስ ያሻሻለው የ10,000 ሜትሩ ደግሞ 15 ዓመት ቆይተው በ2020 በኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ተሰበሩ። ቼፕቴጌ የሮጠው በአዲሱ የጫማ ቴክኖሎጂ፣ በመሙ ዳር ፍጥነት እየጠቆሙ በሚበሩ መብራቶች ታግዞ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ፉክክሩ የሩጫ ብቻ ከሆነ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ብልጫው የቀነኒሳ ነው።

የኃይሌ ደጋፊዎችም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ኃይሌ ከ1,500 ሜትር የቤት ውስጥ ሻምፒዮናነት እስከ ማራቶን ክብረ ወሰን ደርሷል። በርሊንን አራት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ሲሆን፣ በ2008 በ35 ዓመቱ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች በመጨረስ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል፤ ያውም የካርቦን ሶል ያላቸው ጫማዎች ሳይመጡ። ትልቁ ውርሱ ግን ከመሙ ውጭ ያለው ነው። በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሩጫን ከአትሌቱ መንደር አውጥቶ የከተሜው በዓል አደረገው። በሆቴሉ፣ በመኪናውና በእርሻው ንግድ የሩጫ ገንዘብ ለብዙ ሰው እንጀራ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ልጅን ለሩጫ መስጠት በወላጅ ዘንድ እንደ ቁም ነገር እንዲታይ ያደረገው ከማንም በላይ እሱ ነው። ቀነኒሳ በሱሉልታ መም ሲሠራ የሄደው ኃይሌ በጠረገው መንገድ ነው።

በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ አፍቃሪዎችም በቲም ደንከንና በኬቨን ጋርኔት ላይ ተመሳሳይ ሙግት አላቸው። ሁለቱም በአንድ ዘመን፣ በአንድ የጨዋታ ቦታ ላይ የነበሩ ታላላቆች ናቸው። ደንከን አምስት ዋንጫ ሲወስድ ጋርኔት ያገኘው አንድ ነው። ይህ የችሎታቸው ልዩነት አይደለም። ደንከን 19 የውድድር ዘመኖቹን በሙሉ የተጫወተው በተደራጀው የሳን አንቶኒዮ ክለብ ነው። ጋርኔት ግን 12 ዘመን ሚኒሶታ ላይ ደክሞ ዋንጫ ያነሳው በ2008 ወደ ቦስተን ከተዛወረ በኋላ ነው። ለባለተሰጥኦው ቤቱም ወሳኝ ነው ማለት ነው። የእኛ ሙግት የሚዘነጋው ይህንን ቤት ነው።

ቁጥሩ ይናገር። ከ1993 እስከ 2009 በወንዶች 10,000 ሜትር ዘጠኝ የዓለም ሻምፒዮናና አራት ኦሊምፒክ ተካሂደዋል። ከ13ቱ ወርቆች 12ቱን የወሰዱት ሁለቱ ናቸው፤ ያመለጠችው በ2001 ኬንያዊው ቻርለስ ካማቲ ያሸነፈባት ብቻ ነች። ከ2011 እስከ 2025 ደግሞ ስምንት የዓለም ሻምፒዮናና አራት ኦሊምፒክ ተደርገዋል። ከ12ቱ ወርቆች ለኢትዮጵያ የደረሷት ሁለት ናቸው፤ ኢብራሂም ጄይላን በ2011፣ ሰለሞን ባረጋ በ2021። ሌሎቹን ሞ ፋራህ፣ ቼፕቴጌና በ2025 በቶኪዮ ያሸነፈው ፈረንሳዊው ጂሚ ግረሲየ ተከፋፈሏቸው። በሴቶች ከጥሩነሽና ከአልማዝ በኋላ ለተሰንበትና ጉዳፍም የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ወስደዋል። ክፍተቱ የጎላው በወንዶቹ ነው።

ሯጭ ጠፋ ማለት አይደለም። በ2024 ሐጎስ ገብረሕይወት በኦስሎ የቀነኒሳን የ5,000 ሜትር የኢትዮጵያ ክብረ ወሰን ያሻሻለው ሃያ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ዋናው ምክንያት መንገዱ መቀየሩ ይመስላል። የ10,000 ሜትር ውድድር በዳይመንድ ሊግ መደበኛ ቦታ የለውም። የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩ ርቀት ከ2006 በኋላ ቀርቷል፤ ከ2011 ወዲህ ውድድሩ በየዓመቱ አይካሄድም። ገንዘቡ ወዳለበት ጎዳና መሄድ ግድ ነው፤ በ2008 ዱባይ ማራቶንን ላሸነፈው ኃይሌ የተሰጠው ሽልማት 250 ሺሕ ዶላር ነበር። በ2014 እዚያው ያሸነፈው ፀጋዬ መኮንን ደግሞ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ኃይሌና ቀነኒሳ ወደ ማራቶን ፊታቸውን ያዞሩት መሙን ከጠገቡ በኋላ ነው። ዛሬ ብዙ ወጣት መሙን ሳይቀምስ ያልፋል። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለዓመታት በእድሳት ላይ መቆየቱም የመም እጥረቱን አባብሶታል።

ወጣቱ ልክ ነው፤ ቤተሰብ አለው። መም ላይ ጥቂት ዓመት እንዲቆይ የሚያደርግ ክፍያ፣ አሠልጣኝና የአገር ውስጥ ውድድር ማዘጋጀት የፌዴሬሽኑ ሥራ ነው። ይህ በአንድ ጀግና ጫንቃ እንደማይቆም ያየነው ከኃይሌ ነው። በ2016 የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ2018 የአትሌቶች ተቃውሞ ሲነሣ ለቀቀ። በመሙ ላይ ማንም ያላቆመው ሰው በወንበሩ ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ።

አሁን በዚያ ወንበር ላይ ያለው በታኅሣሥ 2024 የተመረጠው ስለሺ ስህን ነው። በአቴንሱ የ2004 ኦሊምፒክ ስለሺና ቀነኒሳ በጉዳት ወደ ኋላ የቀረውን ኃይሌን እየተገላመጡ ሲጠብቁት ዓለም አይቷል። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ያን ዕለት አንዱ ሲደክም ሌላው ከጎኑ ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። ቀነኒሳ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን በ42 ዓመቱ 39ኛ ሆኖ ሲገባ ግን በ10,000 ሜትር የእሱን ቦታ በቋሚነት የያዘ አልነበረም።

ስለዚህ ማን ይበልጣል ለሚለው የዚህ ጸሐፊ መልስ አጭር ነው። በመሙ ቀነኒሳ፣ ከመሙ ውጭ ኃይሌ። ይህን ብሎ መለያየት ይቻላል። በግሸን መንገድ ላይ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ለሁለቱ የቀረበ አይደለም፤ እነሱ ድርሻቸውን ስድስት ስድስት ከፍለዋል። ጥያቄው የፌዴሬሽኑ፣ የክለቦቹና በጀቱን የያዘው የመንግሥት ነው። ከአቴንስ መም ተነሥቶ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ስለሺ፣ ያኔ ወደ ኋላ ዞሮ የሚጠብቀው ነበረው። ዛሬ ዞሮ ሲያይ ማንን እንደሚያገኝ የሚወስነው በሥልጣን ዘመኑ የሚሠራው ነው።