የተከማቸ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ኬሚካዊ ይዘት መታወቅ ያለበት ስለምንድን ነው?

ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር ተፈራርማለች። ስለሆነም ቆሻሻው እንዴት ይከማቻል የሚለው ጥያቄ ከወዲሁ ሊነሣ ይገባል። የሌሎች አገሮች ተሞክሮ እንደሚያሳየው የጨረራውን መጠን መለካት ብቻውን በቂ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2014 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ከመሬት በታች 655 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ በሚገኝ ማከማቻ አንድ በርሜል ተከፍቶ ራዲዮአክቲቭ ቁስ አፈትልኳል። በርሜሉ ውስጥ የነበረው ናይትሬት ጨው፣ እርጥበቱ እንዲመጠጥ ሲባል ከስንዴ ከተሠራ ኦርጋኒክ ቁስ ጋር ተደባልቆ ነበር። ናይትሬት ኦክስጅን ይሰጣል፤ ኦርጋኒክ ቁስ ይቃጠላል፤ ሁለቱ በአንድ ዕቃ ሲታሸጉ ሙቀትና ጋዝ ይፈጠራል። ማከማቻው ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆሻሻ መቀበሉን አቋርጧል። እ.ኤ.አ. በ1957 በሶቪየት ኅብረት ማያክ ተቋም የፈነዳው ጋንም፣ ማቀዝቀዣው በመበላሸቱ የጋለ ናይትሬትና አሴቴት የተባለ ኦርጋኒክ ጨው የያዘ ነበር።

በዚህ ምክንያት ቤተ ሙከራዎች ከተከማቸው ቆሻሻ ናሙና ወስደው አጠቃላይ የኦርጋኒክ ካርቦን መጠኑን ይለካሉ፤ ውህዶቹን በጋዝ ክሮማቶግራፊ ለይተው ያውቃሉ፤ የሚመነጨውን ሃይድሮጅንም ይከታተላሉ። አንዳንድ ኦርጋኒክ ውህዶች ራዲዮአክቲቭ ብረቶችን በፈሳሽ ውስጥ አሟምተው ስለሚይዙ፣ ፍሳሽ ቢያጋጥም ቁሱ በአፈር ውስጥ ርቆ እንዲሄድ ያደርጋሉ።

በአገራችን የኃይል ማመንጫ ሪአክተር ስለሌለ፣ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ የሚመነጨው ከሕክምና፣ ከምርምርና ከኢንዱስትሪ ነው። የአዮዲን 131 ጨረራ በየ8 ቀኑ፣ የኮባልት 60 ደግሞ በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጨረራው በጊዜ ብዛት ቢከስምም አብሮት የታሸገው ኬሚካል ግን በዕቃው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በዕቃው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ የጨረራውን ዓይነትና መጠን ብቻ ሳይሆን የኬሚካሉንም ምንነት መግለጽ አለበት።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም ሆነ በሌላ ተቋም የኤክስሬይ ምርመራ የሚያደርጉ ተገልጋዮች በዚህ ረገድ ሊሰጉ አይገባም። መሣሪያው ሲጠፋ ጨረራው ያበቃል፤ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻም አይተውም። በአንጻሩ በራዲዮአክቲቭ ቁስ ለመገልገል የሚፈልግ ተቋም በጨረራና ኑክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 መሠረት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። የጨረራ ምልክት ያለበት የተጣለ ዕቃ ያገኘ ማንኛውም ሰው ዕቃውን ሳይነካና ሳይከፍት ከአካባቢው ርቆ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ያሳውቅ።