ኮቴው ይከፈላል፤ ባለበጉን ግን የሚጠይቀው የለም

የመንዝ ገበሬ ገብሱ ሲከዳው ፊቱን የሚያዞረው ወደ በጉ ነው። የበልጉ ዝናብ በቀረበት ዓመት ለልጅ ደብተር፣ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለመሬት ግብርም ቢሆን ገበያ የሚወጣው በግ ነው። ባለበጉ መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ገበያ ሲደርስ ታዲያ የሚጠብቀው ነጋዴው ብቻ አይደለም፤ የማዘጋጃ ቤቱ ቀራጭም ደረሰኙን ይዞ ቆሟል። ኮቴ ይከፈላል። ከፋዩ ገዥው ነው ቢባል እንኳ ነጋዴ ከኪሱ የሚያወጣትን ሁሉ አስቀድሞ ከበጉ ዋጋ ላይ እንደሚቀንስ ለገበያ ሰው መንገር አያስፈልግም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የኮቴው ማነስና መብዛት አይደለም። ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል በሚባልበት ሰዓት ባለበጉ የት ነው? የሚል ነው።

እንደሚታወቀው የትንንሽ ከተሞች ኪስ ሁለት ነው። የመምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዝ ከክልሉ በድጎማ መልክ በወረዳው በኩል ይመጣል። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ፣ ቄራው፣ የገበያ ቦታው፣ የቆሻሻው ማንሻ ግን ከተማዪቱ ራሷ ከምትሰበስበው «ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ» እንዲሸፈን ይጠበቃል። የቦታ ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የሱቅና የመደብ ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ እንዲሁም ኮቴ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ዘመሮን ወይም ራቤልን በመሳሰሉ የደጋ ከተሞች ትልቅ ፋብሪካ ግብር አይከፍልም፤ ገበያው ነው ያለው። ገበያውን የሚሞላው ደግሞ ከከተማው ነዋሪ ይልቅ ከየገጠር ቀበሌው ሌሊት ተነሥቶ የሚመጣው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ይህ ገበያተኛ በከተማው መዝገብ ላይ ነዋሪ አይደለም። የከተማው ነዋሪ ሲሰበሰብ አይጠራም። ቅሬታ ቢኖረው ወደ ገጠር ቀበሌው ይመለሳል፤ ቀበሌው ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ላይ አንዲት ቃል የለውም። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚከፍለው ሰው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠየቅ ይቀራል።

የከተማው ነዋሪስ ይጠየቃል ወይ? በወረቀት ላይ አዎን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በተግባር ግን በጀት የሚያጸድቀው የአካባቢ ምክር ቤት የመጨረሻ ምርጫው የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። የአምስት ዓመት ዘመኑ በ2010 ዓ.ም. ሲያበቃ ምርጫው ተራዘመ፤ በ2013 ዓ.ም. ጠቅላላው ምርጫ ሲደረግም የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች አልተመረጡም። በ2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን የሚጨርስበት ጊዜ አለፈ ማለት ነው።

የቀረው መንገድ ስብሰባ ነው። ስብሰባው የሚጠራው ግን ብዙውን ጊዜ ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ነው። አዳራሹ ይሞላል፣ ሪፖርቱ ይነበባል፣ ሦስት አራት ሰው ይናገራል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ «ሰፊ ውይይት ተደርጎበታል» ይባላል። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም አማካይነት የወረዳ በጀት በሰሌዳ ላይ እየተለጠፈ ለሕዝብ እንዲታይ መደረጉ ጥሩ ጅምር ነበር። ይሁን እንጂ በሰሌዳ የተለጠፈ በጀት የተወሰነን ነገር ያሳውቃል እንጂ ከመወሰኑ በፊት አይጠይቅም። ደግሞስ ማንበብ የማይችለው ባለበግ ሰሌዳው ምን ያደርግለታል?

አገሩ ግን ከዚህ የተሻለ ልማድ አጥቶ አያውቅም። ጓሳን መመልከት ይበቃል። በመንዝ ጌራ አናት ላይ ያለው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆን የአገሬው ሀብት ነው፤ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮም ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። ተጠቃሚዎቹ አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ጥበቃው ተራ በተራ ነው፤ ጉልበቱ ራሱ መዋጮ ነው። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ተከልሎ ይቆይና መቼ ይከፈት የሚለው ተመክሮበት በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። ከፋዩም ወሳኙም ያው ሰው ነበር ማለት ነው። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስቱን ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ከልካይ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። ሕዝቡ በኋላ መልሶ የራሱን ኮሚቴና መተዳደሪያ እስኪያበጅለት ድረስ ብዙ ጉዳት ደርሷል።

ቄሮን ግን አለመጠን ማወደስ አይገባም። መብቱ የጌራና የአስቦ ዘር ለሚቆጥሩት እንጂ ለሁሉም አልነበረም። በሰሜን አሜሪካ የንግድ ሰፈሮች ተጨማሪ ግብር በራሳቸው ላይ ጥለው ሰፈራቸውን የሚያሻሽሉበት አሠራርም ተመሳሳይ ነቀፌታ ይነሣበታል። አሠራሩ በ1970 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ቶሮንቶ ተጀምሮ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ተዛመተ፤ በዚያም በብዙ ከተሞች ድምፁ በንብረት ዋጋ ስለሚመዘን ባለ ሕንፃው ይናገራል፣ ተከራዩ ይሰማል። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ በበኩሏ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምራ ለበርካታ ዓመታት ሌላ ዘዴ ተከትላለች። የየሰፈሩ ነዋሪ፣ ቤት ኖረውም አልኖረው፣ ከከተማው የኢንቨስትመንት በጀት በከፊሉ ምን ይቅደም የሚለውን በጉባኤ ይመርጥ ነበር። ለመሐል ሜዳ የሚቀርበው ይኸኛው ነው፤ ጉባኤው ላይ ባለበጉ ከተጨመረበት።

ኢትዮጵያም ብትሆን ገንዘብን በሰፈር የማዋል ሙከራ ታውቃለች። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩ ቤቶችን ኪራይ ቀበሌዎች እንዲሰበስቡና በመመሪያ መሠረት ለነዋሪው ኑሮ መሻሻል እንዲያውሉት ፈቅዶ ነበር። በኋላ ቀበሌ የቁጥጥር መሣሪያ ሆነና ስሙ ጠፋ። ሐሳቡ ግን፣ የሰፈር ገንዘብ ለሰፈር ይሁን የሚለው፣ ከቀበሌው ጥፋት ጋር አብሮ መቀበር አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ የተሻለውን ማስረጃ የሰጠው ኮብልስቶን ነው። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በጀርመኖች ድጋፍ በአዳማ የተጀመረው የድንጋይ ንጣፍ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት በብዙ ቦታ ነዋሪው ድርሻውን አዋጥቶ የሰፈሩን መንገድ አሠርቷል። ግብር ለመክፈል የሚያጉረመርመው ሰው ያንን ያዋጣው ለምንድነው? ደጃፉ ላይ የሚነጠፈውን ድንጋይ ስለሚያየው፣ ገንዘብ ያዡም ጎረቤቱ ስለሆነ ነው። የዕድሩ ሒሳብ ሲነበብ አምስት ብር ብትጎድል የሚጠይቅ ሕዝብ ነው ይህ።

በመርሐቤቴ ደግሞ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። የካርልሃይንዝ በም ድርጅት «ሰዎች ለሰዎች» በዚያ ሠርቷል፤ የጀርመኗ ቫተርሽቴተን ከተማም ከዓለም ከተማ ጋር በወዳጅነት ተሳስራ ኖራለች። ከጀርመን ገንዘብ የላከ ለጋሽ በየዓመቱ ምን እንደተሠራበት የሚገልጽ ሪፖርት ያገኛል። በዓለም ከተማ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የከፈለው ባለቤት የሚያገኘው ግን ደረሰኝ ነው።

ሹማምንቱ የሚያነሡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ገቢው ትንሽ ነው፣ በየሰፈሩ ቢከፋፈል ሦስት ሰፈር የሚያቋርጥ ቦይ ማን ይሠራል? ይላሉ። እውነት ነው። ሁሉም ይከፋፈል ያለ ግን የለም። ከገበያው ከሚሰበሰበው የታወቀ ድርሻ ለገበያው ቦታ ይመደብ፣ ድርሻው በምን ላይ እንደሚውል ነጋዴው፣ ባለ መደቡና የገጠር ቀበሌዎች ተወካዮች ይወስኑ፣ የሰፈር ድርሻም እንዲሁ ይሁን፣ የቀረው ለከተማው ይሂድ። ሒሳቡ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ በገበያ ቀን፣ በገበያው መሐል፣ በድምፅ ማጉያ ይነበብ። የጓሳ መከፈት በገበያ ይነገር በነበረበት አገር ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልልን ያናጋው ግጭት በብዙ ወረዳዎች መሥሪያ ቤቱንም ገበያውንም አስተጓጉሏልና እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ኮቴና ስለ ቦይ መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የግብሩ ጉዳይ ሰላምን አልጠበቀም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። በ1968 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ሲሠራበት የኖረው ጉዳይ ወደ ገበያ ዋጋ ሊጠጋ ነው። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የድሮውን አዋጅ ይዛ የጣሪያና ግድግዳውን ግምት ስታሻሽል ስንቱ ባለ ቤት እንደደነገጠ አይዘነጋም። አዲሱ አዋጅ በየክልሉ ሕግና ደንብ ሲዘረዘር ተመኑ፣ ግምቱ፣ ቅጣቱ በየአንቀጹ መግባቱ አይቀርም። የከፋዩ ድምፅ የሚገባበት አንቀጽስ?

የደጋው ገበያተኛ ቢጠየቅ ብዙ አይጠይቅም። በጎቹ ውለው የሚጠጡበት ውሃ፣ ከዝናብና ከውርጭ የሚጠለልበት ዳስ፣ በጉን ወደ መኪና የሚያወጣበት መጫኛ፣ ነጋዴው በዓይኑ ብቻ እንዳይገምትበት የታመነ ሚዛን፣ ቅቤ ሻጮቹ ሴቶችም የሚገለገሉበት መጸዳጃ ቤት ይል ይሆናል። ወይም ከዚህ ሁሉ በፊት ኮቴው ይቀነስልኝ ይል ይሆናል፤ እሱም መልስ ነው።