ደሙ ይሂድ ወይስ ማይክሮስኮፑ ይምጣ?

«ትልቁ ላቦራቶሪ ትንሹን ይግዛ፤ እድገት ማለት ይኸው ነው» የሚሉን ሰዎች በዝተዋል። አሜሪካንን ይጠቅሱልናል። እውነት ነው፣ ክዌስት ዳያግኖስቲክስ እ.ኤ.አ. በ1999 የስሚዝክላይን ቢቻምን የሕክምና ላቦራቶሪዎች ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ጠቀለለ፤ በ2007 ደግሞ አሜሪፓዝን ገዛ። ሂሳቡ ቀላል ነው። ውድ ማሽን ብዙ ናሙና ሲያገኝ የአንዱ ምርመራ ወጪ ይቀንሳል። ስለዚህ ደሙ ከያለበት ተለቅሞ ወደ ማሽኑ ይጓዛል።

እሺ፣ ይሁን። እስቲ ይህን ሂሳብ ይዘን ከአሶሳ አልፈን ሆሞሻ እንሂድ። ወባ ቤቱ ነው። የሆርሞን ምርመራ አዲስ አበባ ይላክ፣ ጊዜ ይሰጣል። ፋልሲፓረም የተባለው ወባ የያዘው ሕፃን ግን በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ሞት ወረፋ አያውቅም!

«ፈጣን መመርመሪያ አለ» ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን አንዳንዱ መመርመሪያ የማያየው ፋልሲፓረም አገራችን ውስጥ ተገኝቷል። ያን ጊዜ ልጁን የሚያተርፈው ስላይድ፣ ጊምሳ ቀለም፣ የሚሠራ ማይክሮስኮፕና ዓይኑ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ይህ ደግሞ ገዢ ኩባንያን አያጓጓም፤ ትርፍ የለውማ!

ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩና የቃል ነገር ይቆረቁረኛል። መጠቅለልና ማደግ አንድ አይደሉም። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል። ባለሀብቱ ይግዛ፣ ይሽጥ፤ አልከለክልም። የመንግሥት በጀት ግን እሱን ተከትሎ አይዙር። የላቦራቶሪ እድገት መለኪያው፣ ሆሞሻ ላይ እያተኮሰው የመጣ ሕፃን በዚያው ቀን፣ በዚያው ጤና ጣቢያ ትክክለኛ ውጤት ማግኘቱ ነው።