«ወፍ» ብቻ አይበቃም

ግጥሞቻችን ውስጥ ወፍ ሞልቷል፤ የትኛዋ ወፍ እንደሆነች የሚነግረን ገጣሚ ግን ጥቂት ነው። «ከሩቅ ሁሉም ትንሽ፣ ሁሉም ቡናማ ነው» የሚለውን ማመካኛ አልቀበለውም።

በመንዝ ጓሳ፣ በአስታው ቁጥቋጦ ዳር የቆመ ሰው ከሩቅ ቀለም ላይታየው ይችላል፤ አኳኋን ግን ይታየዋል። ድንጋይ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ክንፏን ነቅነቅ የምታደርገው፣ ዝቅ ብላ ስትበር የአጭር ጅራቷ ግራና ቀኝ ነጭ ሆኖ የሚታየው፣ በእንግሊዝኛ «ሙርላንድ ቻት» የምትባለው ናት። በመንጋ ምድር ላይ ፍሬ ሲለቅሙ ቆይተው በአንድነት ብድግ የሚሉት ደግሞ «ሲስኪን» ይባላሉ፤ ወንዱ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ቢጫ ነው።

እኔን ከሁሉ የምታስደንቀኝ ግን «ሎንግክሎው» ናት። ጀርባዋን ከሰጠችን ደረቅ ሣር ናት፤ ዞር ስትል ጉሮሮዋ እርድ የተቀባ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረች! ይህችም ሆነች ሲስኪኗ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም። ሁለቱንም በ1840 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም የገለጻቸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነበር። እረኞቻችን ከእርሱ በፊት ሲያዩአቸው ኖረዋል፤ ግጥማችን ግን ዛሬም «ወፊቱ» ብሎ ያልፋል (ቤት ለመምታት ይቀላል መሰለኝ)።

ርቀቱ ካልፈቀደስ? ገጣሚው ያየውን ያህል ይጻፍ፤ ጀርባዋን ብቻ ካየ፣ ማተቧ እንዳልታየው ይንገረን።