ከበረዶ ሥር ያለ ቡቃያ

እህል ያለ ፀሐይ እንደማይበቅል እናውቃለን። የባሕርም ቡቃያ እንዲሁ ነው።

በሰሜን ካናዳ፣ በባፊን ደሴት አጠገብ፣ ባሕሩ በብርድ ወራት በረዶ ይሆናል፤ ሰው በላዩ ይሄድበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ሳይንቲስቶች እዚያ በረዶ ላይ ድንኳን ተከሉ። በረዶውን በስተው ከሥሩ ውሃ ቀዱና መረመሩ።

በውሃው ውስጥ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ፣ እጅግ ጥቃቅን ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት አሉ። አመዳይ በረዶውን ሲሸፍነው ብርሃን ያንሳቸዋል። አመዳዩ ሲቀልጥ ግን ብርሃን ሰርጎ ይገባል፤ እነሱም ይበዛሉ። ትናንሽ እንስሳት እነሱን ይበላሉ፤ እንስሳቱን ደግሞ ዓሣ ይበላል። የአገሩም ሰው ከባሕሩ አድኖ ይበላል።

ዛሬ ምድር እየሞቀች ስለሆነ በረዶው ቀድሞ ይቀልጣል። ወቅት ሲዛባ ምን እንደሚመጣ ገበሬ ያውቀዋል። ታዲያ ቡቃያው ያለ ጊዜው ቢደርስ ማን ይራባል? እንወያይበት።