ከሰሊጥ ቆላ የሚመለሰው ወባ

ከዱርቤቴና ከአካባቢዋ ቀበሌዎች በርካታ ወጣቶች ክረምቱን ለአረም፣ መስከረምንና ጥቅምትን ለአጨዳ ወደ መተማና ቋራ የሰሊጥ እርሻዎች ይወርዳሉ። በቁንዝላ አድርጎ ወደ ገለጎ የሚዘልቀው መንገድ የዚህ ጉዞ አንዱ በር ነው። የሚመለሱበት ጊዜ ደግሞ ከወባ አንጻር እጅግ አስቸጋሪ ወቅት ነው።

ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ የወደብ ከተማ የገባ መንገደኛ ወባ ቢታመም በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ አያልፍም፤ የሚያዛምት ትንኝ እምብዛም የለምና። በአቸፈር ግን ዝናቡ አባርቶ ውኃው በየጉድጓዱ በሚያቁርበት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ትንኟ ትበዛለች። ታሞ የተመለሰው ወጣት ሳይታከም ከሰነበተ ትንኟ ከእርሱ ደም የቀሰመችውን ተሕዋስ ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ ልታደርስ ትችላለች።

ወይና ደጋው በሽታውን የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ መሆኑ በ1951 ዓ.ም. ገደማ በደረሰው ወረርሽኝ ታይቷል። ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ባስከተለው በዚያ መቅሠፍት ከ1 ሺህ 600 እስከ 2 ሺህ 150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150 ሺህ ያህሉም እንደሞተ ይገመታል። ሥጋቱም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከታኅሣሥ 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መታመማቸውን አስታውቋል።

ክፍተቱ ያለው ከመከላከል ሥራው አደረጃጀት ላይ ነው። አጎበር የሚታደለው በቤተሰብ ቁጥር ነው፤ ኬሚካል የሚረጨውም በመኖሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ሠራተኛው ግን የሚያድረው በእርሻው ዳስ ወይም በሜዳ ላይ፣ አጎበሩን ቤት ትቶ ነው። ስለዚህ የቆላ ባለሀብቶች ለሠራተኞቻቸው ከምግብና ከውኃ እኩል አጎበር ማቅረብ ይገባቸዋል።

ይህ ማለት ግን ተመላሹን በሽታ አምጪ አድርጎ መፈረጅ አይደለም። ቆላ ረግጠው የማያውቁ ሕፃናትም ይታመማሉ፤ ደጃፍ ላይ ያልተፋሰሰ ውኃ እያለ ጥፋቱን በመንገደኛ ላይ ማላከክ ያን ውኃ ከማየት ያዘናጋል። ከዚህም በላይ የሚወቀስ ወጣት ትኩሳቱን ይደብቃል።

በጤና ኬላ «የት ሰንብተህ መጣህ?» የሚለው ጥያቄ ሊለመድ ይገባዋል። ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሚታይ ተመላሹ በመጣበት ሰሞን ትኩሳት ከጀመረው በዚያው ቀን መመርመር አለበት። ቫይቫክስ ግን በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል። በጥር ወይም በየካቲት በዱርቤቴ የሚታየው ትኩሳት የጥቅምቱ የመተማ ንድፊያ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ይህን የተደበቀ ተሕዋስ ለማጥፋት የሚታዘዘው የ14 ቀን የፕሪማኩዊን መድኃኒት ደግሞ ትኩሳቱ በረደ ተብሎ በሦስተኛው ቀን የሚቋረጥ አይደለም።