ልጄን በየትኛው ቋንቋ ላስተምር?



ባለፈው ነሐሴ ማብቂያ ላይ ሐዋሳ፣ ፒያሳ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከጎኔ የነበረ ሰው የቡና ስኒውን ገፋ አድርጎ ከፕላስቲክ ማኅደር ሁለት ወረቀቶች አወጣ፡፡ የልጆቹ መሸኛ ነበሩ፡፡ በሥራ ዝውውር ከደብረ ብርሃን ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፡፡ ትልቁ ልጅ 5ኛ፣ ትንሿ 1ኛ ክፍል ይገባሉ፡፡ መምህር መሆኔን ሲሰማ፣ «ዶክተር፣ እዚህ አገር ልጆች የሚማሩት በምንድን ነው? ለቤት ኪራዩ ደላላ አግኝቻለሁ፤ ትምህርት ቤቱን የሚያስረዳኝ ሰው ግን አጣሁ» አለኝ፡፡

«እዚህ አገር» ማለቱ መጀመሪያ አሳቀኝ፤ ቆይቶ ግን አሳዘነኝ፡፡ ድንበር አልተሻገረም፤ ፓስፖርት አላሳየም፡፡ ሆኖም ጥያቄው የስደተኛ ጥያቄ ነበር፡፡ እኔም ዕድሜዬን በትምህርት ላይ ያሳለፍኩ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ልመልስለት አልቻልኩም፡፡

ነገሩ ከየት መጣ? እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ አማርኛ ብቻ ነበር፡፡ ደርግ በ1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲዳምኛን ጨምሮ ወደ 15 ቋንቋዎች ቢሰፋም መደበኛውን ትምህርት ቤት አልነካም፡፡ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ ምርጫውንም ለክልሎች ተወ፡፡ ይህ ታላቅ እርምጃ እንደነበር የሚክድ ካለ፣ በማያውቀው ቋንቋ ፊደል ሲቆጥር ያለቀሰ ሕፃን አላየም ማለት ነው፡፡

ክልሎች ግን የተለያየ መንገድ መረጡ፡፡ በኦሮሚያና በትግራይ የአፍ መፍቻው ቋንቋ እስከ 8ኛ ክፍል ሲዘልቅ፣ በቀድሞው የደቡብ ክልል ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞር ነበር፡፡ በ2002 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የመጣ የጎረቤቴ ልጅ፣ እዚያ በአማርኛ ሲማረው የነበረውን ሳይንስ እዚህ በ5ኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ጠበቀው፡፡ በክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ ዝም አለ፡፡ ዝምታውን ስንፍና ብለው ተረጎሙት፡፡ የሰነፈው ግን ልጁ አልነበረም፤ በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ድልድይ ያልሠራነው እኛ ነበርን፡፡

ችግሩ ወደ ሐዋሳ በሚመጣው ብቻ አይወሰንም፡፡ ከበንሳ ወይም ከአለታ ወንዶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ልጅ እናስብ፡፡ ማንበብና መጻፍ ያወቀው በሲዳሙ አፎ፣ በላቲን ፊደል ነው፡፡ አዲስ አበባ ሲደርስ የአማርኛ መጽሐፍ ይሰጠዋል፡፡ አራት ዓመት የተማረ ልጅ በአንድ ቀን ፊደል ያልቆጠረ ይመስላል!

የኋላ ኋላም ሁሉም ልጆች በአንድ በር ያልፋሉ፤ እርሱም በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፡፡ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ የዚህ ውድቀት ምክንያት ቋንቋ ብቻ ነው አልልም፡፡ ነገር ግን ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያስጠናውና በ1999 ዓ.ም. የቀረበው ጥናት፣ ስምንቱንም ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ምዘና በጥቅሉ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቶ ነበር፡፡

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዱ «ሁሉንም ወደ አማርኛ መመለስ ነው» ይላል፡፡ ይህ የአንዱን ልጅ ዕንባ ለሌላው ማስተላለፍ ነው፡፡ ከላይ በተጫነ ቋንቋ ማስተማር ምን እንደሚያስከትል በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ አይተናል፤ አራት ቋንቋዎችን አዳቅሎ የተዘጋጀው የ«ወጋጎዳ» መጽሐፍ ሕዝብን አስቆጥቶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት ተሰብስቧል፡፡ ሌላው ደግሞ «የመጣ ሰው ራሱ ይቻለው፤ ካልሆነም የግል ትምህርት ቤት ያስገባ» ይላል፡፡ ይህም ለባለገንዘቡ ምክር፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ተቀጥራ ልጇን ለምታሳድግ እናት ግን ስድብ ነው፡፡

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው፣ በአንቀጽ 32 ደግሞ ዜጋ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል እንዲኖር ደንግጓል፡፡ እንደ እኔ እምነት ሁለቱ አንቀጾች አይጣሉም፤ የተጣሉ የሚመስሉት የሚያስታርቃቸው አሠራር ስለጎደለ ነው፡፡

የሚገርመው ይህ አሠራር ለእኛው ሰዎች በሰው አገር መኖሩ ነው፡፡ የዋሽንግተን ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ያገለግላል፡፡ በአጎራባቹ የሞንትጎመሪ አውራጃም ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚሰጡትን መረጃ በአማርኛም ያዘጋጃሉ፡፡ ፖቶማክ ማዶ የሄደ ወላጅ በቋንቋው ማብራሪያ ሲያገኝ፣ ከደብረ ብርሃን ሐዋሳ የመጣው በካፌ ውስጥ መንገደኛ ይጠይቃል፡፡

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም፡፡ አንደኛ፣ እያንዳንዱ የከተማ ትምህርት መምሪያ ለአዲስ ገቢ ቤተሰብ አንድ ገጽ መግለጫ ያዘጋጅ፤ የትኛው ትምህርት ቤት በየትኛው ቋንቋ፣ ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ እንደሚያስተምር፣ በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ስለሚሰጡት ፈተናዎችም ይጻፍበት፡፡ በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያደገ ወላጅ እኮ ያ ፈተና መቅረቱን እንኳ ሁልጊዜ አያውቅም፡፡ ሁለተኛ፣ መሸኛው ላይ ልጁ የተማረበት ቋንቋ ይመዝገብ፤ ተቀባዩ መምህር ስንፍናንና እንግድነትን እንዲለይ፡፡ ሦስተኛ፣ ክፍል ሳያስደግሙ ቋንቋ የሚያለማምዱ የክረምት መሸጋገሪያ ትምህርቶች ይከፈቱ፡፡ ወደ ሐዋሳ የመጣ ልጅ ሲዳሙ አፎ ቢማር ይከብርበታል እንጂ አይጎዳም፤ ግን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ እንግዳ መቀበያ ይሰጠው፡፡

ከዚያ አባት ጋር ስንለያይ ነገ ጠዋት አብረን ወደ ቀበሌው ትምህርት ቤት ለመሄድ ተቀጣጠርን፡፡ ሄድንም፤ ልጆቹም ተመዘገቡ፡፡ ሆኖም መንግሥት ባለበት አገር የአንድ ልጅ ዕድል አባቱ ካፌ ውስጥ ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ መወሰን የለበትም፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡